ቀርከሃን በመዝገበ ቃላት ለሚያነቡ

የምሥራቅ እስያ የጥቁር ቀለም ሥዕል በመማሪያ ክፍልም ሆነ በዐውደ ርእይ አዳራሽ በተነሣ ቁጥር ከሥዕሉ ቀድሞ የሚቀርብ አንድ ሠንጠረዥ አለ። ቀርከሃ ማለት ቅንነት ነው፤ ሜይ የተባለው የውርጭ ወራት አበባ ጽናት ነው፤ ኦርኪድ በስውር የሚኖር ጨዋነት ነው፤ ክሪሳንተመም ከሹመት ርቆ የመኖር ክብር ነው፤ የፓይን ዛፍ ረጅም ዕድሜ ነው። መምህሩ ይህን በሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ተማሪው ይገለብጣል፤ አስጎብኚው በቃሉ ይወጣዋል፤ ሐያሲው ደግሞ ጥቂት አስረዝሞ በመጽሔት ያወጣዋል። ከዚያ በኋላ ሥዕሉን ማየት የሚያስፈልገው ሰው አይኖርም።

ይህ ጽሑፍ የሚነሣው በዚህ ሠንጠረዥ ላይ ነው። ሠንጠረዡ ሐሰት ነው አልልም፤ ቻይናውያን ራሳቸው ለዘመናት ሲሉት የኖሩት ነው። ክሴ ሌላ ነው። ሠንጠረዡ የሚነግረን ሠዓሊው ብሩሹን ከማንሣቱ በፊት ማንም የሚያውቀውን ነገር ብቻ ነው። ቅኔ ቤት የገባ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም። ኅብሩን የሚሸከመው ቃል በመዝገበ ቃላት ውስጥ ይገኛል፤ ወርቁ ግን እዚያ የለም። ወርቁ ያለው ባለቅኔው በማን ፊት ቆሞ፣ በየትኛው ቀን፣ በማን ላይ እንደ ተቀኘ በሚያውቅ ሰው ጆሮ ውስጥ ነው። ለገዛ አገራችን ቅኔ ይህን ያህል ጥንቃቄ የምንጠይቅ ሰዎች የሌላውን ሕዝብ ቅኔ በአንድ ገጽ የቃላት ዝርዝር ለመጨረስ መቸኮላችን የሚያሳፍር ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ ስለ ዕፀዋቱ ማንነት ጥቂት እንበል፤ ስማቸው እንኳ ወደ እኛ እስኪደርስ ተዛብቷልና። ሜይ በተለምዶ ፕሪም ተብሎ ይተረጎማል፤ በዘሩ ግን ለአፕሪኮት የሚቀርብ፣ ቅጠል ሳያወጣ በባዶ ቅርንጫፉ ላይ፣ አንዳንዴም በረዶ ተሸክሞ፣ በብርዱ ወራት መጨረሻ የሚያብብ ዛፍ ነው። ክረምት እንዳልለው፣ እኛ ክረምት የምንለው የዝናቡን ወራት ነው፤ የእነርሱ ክረምት ዛፍ የሚራቆትበትና ውሃ የሚረጋበት ወቅት ነው። ኦርኪዱም በአበባ መሸጫ ሱቅ የምናየው ደማቁ አይደለም፤ ቅጠሉ እንደ ሣር የቀጠነ፣ አበባው ከቅጠሉ መካከል ተፈልጎ የሚገኝ፣ ከዓይን ይልቅ በመዓዛው የሚታወቅ የሸለቆ ተክል ነው። ቀርከሃን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስተዋወቅ አያስፈልግም፤ ከአዊ ወይም ከሲዳማ ደጋ የመጣ ሰው በአጥሩና በቅርጫቱ ያውቀዋል።

ሠንጠረዡ የተቀዳው ከዕፀዋቱ ጠባይና ከቻይንኛ ቋንቋ ኅብር ነው። በቻይንኛ የቀርከሃ አንጓ የሚጠራበት ቃል የሰውን የማይታጠፍ ምግባርም ይገልጻል፤ የግንዱ ውስጥ ባዶነት «ባዶ ልብ» ተብሎ ትሕትናን ያመለክታል። ክሪሳንተመም የብቸኝነት ክብር የሆነው ባለቅኔው ታኦ ዩዋንሚንግ (365–427) ሹመቱን ትቶ ወደ እርሻው በተመለሰ ጊዜ ስለዚህ አበባ ስለ ጻፈ ነው። ኦርኪድም ያልተሰማ ታማኝ ሹም ምሳሌ የሆነው ከቤተ መንግሥት ከተባረረው ከባለቅኔው ከቹ ዩዋን ዘመን ጀምሮ ነው። ልብ በሉ፤ እነዚህ ትርጉሞች ሲወለዱ የቃል ፍች አልነበሩም፤ የሰዎች ኑሮ ነበሩ። አንዱ ሥራውን ለቀቀ፤ ሌላው ተሰደደ። አራቱን ዕፀዋት፣ ማለትም ሜይን፣ ኦርኪድን፣ ቀርከሃንና ክሪሳንተመምን፣ «አራቱ ጨዋዎች» ብሎ በአንድ ያሰረው ልማድ የጸናው በሚንግ ዘመን መጨረሻ፣ የሥዕል መማሪያ መጻሕፍት እየታተሙ በገበያ ሲሸጡ ነው፤ ይህም የመጀመሪያዎቹ ታላላቅ የቀርከሃ ሠዓልያን ከሞቱ ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። አስቀድሞ በ1238 ሶንግ ቦረን የተባለ ሰው ስለ ሜይ አበባ ብቻ ባሳተመው መጽሐፍ መቶ ሥዕሎች አቅርቦ፣ ከእምቡጡ እስከ መርገፊያው ለእያንዳንዱ የተለየ ስምና የተለየ ግጥም ሰጥቶት ነበር። መቶ! የእኛ ሠንጠረዥ ለሜይ የሰጠው አንድ ቃል ነው።

አሁን ወደ ሥዕሎቹ እንምጣ። ከሁሉ አስቀድሜ የማቀርበው አስረጅ ወን ቶንግ (1018–1079) እና ሱ ሺ (1037–1101) ናቸው። ወን ቶንግ በሰሜን ሶንግ ዘመን ቀርከሃን በጥቁር ቀለም በመሣል ስሙ የገነነ ሹም ነበር፤ ባለቅኔው ሱ ሺ ደግሞ ዘመዱም ወዳጁም ነው። ሠዓሊ ብሩሹን ከማንሣቱ በፊት ሙሉው ቀርከሃ በውስጡ በቅሎ ሊገኝ ይገባል፤ በአንጓ ላይ አንጓ፣ በቅጠል ላይ ቅጠል እየደራረበ ቀርከሃ የሚያገኝ የለም የሚለውን ትምህርት ከወን ቶንግ ተቀብሎ በጽሑፍ ያቆየልን ሱ ሺ ነው። ይህ ሐሳብ ስለ ቻይና ሥዕል በተጻፉ መጻሕፍት ተደጋግሞ ይጠቀሳል፤ የተጻፈበት ሁኔታ ግን ብዙውን ጊዜ ይታለፋል። ወን ቶንግ በ1079 መጀመሪያ ላይ ሞተ። በዚያው ዓመት በሰባተኛው የጨረቃ ወር ሱ ሺ በሁጆ ከተማ ሹም ሳለ መጻሕፍቱንና ሥዕሎቹን ፀሐይ ሊያስመታ አውጥቶ ሲዘረጋ ወዳጁ የሰጠው የቀርከሃ ሥዕል እጁ ገባ። ጥቅሉን አስቀምጦ ድምፁን ከፍ አድርጎ አለቀሰ፤ ጽሑፉንም የጻፈው ያን ጊዜ ነው። ለመሆኑ ያ ቀርከሃ ምን ማለት ነበር? ቅንነት? ትሕትና? ያ ቀርከሃ ወን ቶንግ ማለት ነበር። ከስድስት ወር በፊት የሞተ ሰው እጅ በሐሩ ላይ እንደ ረጠበ ቀርቶ ማለት ነበር። ይህን ከሠንጠረዡ ውስጥ በየትኛው ረድፍ እንጻፈው?

ሁለተኛው ምስክር የሞንጎሎች ወረራ ነው። በ1279 የደቡብ ሶንግ መንግሥት ፈጽሞ ወደቀ። ጀንግ ሲስያው (1241–1318) ለወደቀው መንግሥት ታማኝ ሆኖ ቀረ። በ1306 የሣላትና ዛሬ በጃፓን በኦሳካ ከተማ የሥነ ጥበብ ሙዚየም የምትገኝ አንዲት ትንሽ የኦርኪድ ሥዕል አለችው፤ ጥቂት ቅጠሎችና ጭል ጭል የምትል አበባ፣ ሌላ ምንም። አፈር የላትም። አፈሩን ለምን እንደ ተወው ሲጠየቅ፣ አፈሩን ባዕዳን እንደ ወሰዱት ጠያቂው አለማወቁ እንደ ገረመው ሆኖ እንደ መለሰ ይተረካል። የሠንጠረዥ ወዳጆች ይህን ታሪክ እጅግ ይወዱታል፤ ወዲያውም «አፈር የሌለው ኦርኪድ፦ የአገር ፍቅር» የሚል አዲስ ረድፍ ይጨምሩለታል። ነገር ግን አፈር ሳይሣልላቸው በነጭ ወረቀት ላይ የተንሳፈፉ ኦርኪዶችና ቀርከሃዎች በዚህ ጥበብ ውስጥ እጅግ ብዙ ናቸው፤ ባዶውን ቦታ ለቅጠሉ አየር እንዲሆነው ብሎ መተው የተለመደ የአሣሣል ስልት ነው። አንዱን ባዶ ከሌላው ባዶ የሚለየው በወረቀቱ ላይ የሚታይ ምልክት አይደለም። የጀንግ ሲስያው አፈር የጠፋው በ1279 ነው።

በዚያው ዘመን ጃኦ መንግፉ (1254–1322) ነበር። የሶንግ ነገሥታት ዘር ሆኖ ሳለ በ1280ዎቹ ዓመታት ለኩብላይ ካን አድሮ ሹመት ተቀበለ፤ በዚህም በዘመኑም ከዘመኑም በኋላ ብዙ ተወቅሷል። እርሱም ቀርከሃና ኦርኪድ ሣለ፤ እጅግም አሳምሮ ሣለ። ሊ ካን (1245–1320) ለዚያው የሞንጎሎች መንግሥት በከፍተኛ ሹመት ያገለገለ ሰው ነው፤ በ1299 ገደማ ስለ ቀርከሃ ሰፊ መጽሐፍ ያዘጋጀ፣ ወደ ዛሬዋ ቬትናም ለመልእክት በተላከ ጊዜ ሳይቀር የአገሩን ቀርከሃ ዘሩንና አበቃቀሉን እየተመለከተ የመዘገበ ትጉህ ነበር። እንግዲህ ሠንጠረዡ እንደሚለው ቀርከሃ የማይታጠፍ ታማኝነት ከሆነ የእነዚህ ሰዎች ቀርከሃ ምንድን ነው? ውሸት ነው? ንስሐ ነው? ወይስ የጎበጠ ግን ያልተሰበረ ሰው ስለ ራሱ የሚያቀርበው መከራከሪያ? እኔ ወደ ሦስተኛው አዘነብላለሁ፤ ሌላው ወደ ሁለተኛው ቢያዘነብል አልጣላውም። የምጣላው ጥያቄውን ሳይሰማ «ቀርከሃ፣ ቅንነት» ብሎ ወደሚቀጥለው ሥዕል ከሚያልፈው ጋር ነው።

ደግሞም ሠንጠረዡ ወንድ ነው። «ጨዋ» የተባለው የኮንፉሺየስ ትምህርት ያሳደገው ወንድ ምሁር ነው። የጃኦ መንግፉ ባለቤት ጓን ዳኦሸንግ (1262–1319) በዘመኗ ከታወቁት የቀርከሃ ሠዓልያን አንዷ ነበረች፤ በዛሬው ጊዜ በታይፔ ቤተ መንግሥት ሙዚየም የሚገኘውን የ1308 ሥዕሏን በሐይቅ ላይ፣ በጀልባ ውስጥ ሆና እንደ ሣለችውና ለአንዲት ወይዘሮ እንዳበረከተችው በገዛ እጇ ጽፋበታለች። ሥዕሉ እንደ ወንዶቹ ልማድ አንድ ግንድ ከወረቀቱ ፊት አቁሞ የሚያሳይ አይደለም፤ በውሃ ዳር፣ በጉምና በካፊያ ውስጥ የተጠጋጋ የቀርከሃ ደን ነው። ሴት ለሴት የሣለችው፣ ብቻውን የሚቆም ጨዋ የሌለበት ቀርከሃ።

ከሁሉ ይልቅ ግን ሠንጠረዡን የሚያፈርሰው፣ እኔም ከሁሉ አብልጬ የምወደው፣ በቺንግ ዘመን የነበረው ጀንግ ባንችያው (1693–1766) ነው። ባንችያው በሻንዶንግ ክፍለ አገር የወይ ወረዳ አስተዳዳሪ ሆኖ ከ1746 እስከ 1753 ሠርቷል። በዚያ ዘመን በወረዳው ረኃብ ገባ፤ ባንችያውም የመንግሥቱን ጎተራ ከፍቶ እህል እንዳከፋፈለ ይነገርለታል። ታዲያ በዚያ ቢሮ ሳለ ለአለቃው፣ ለክፍለ አገሩ ገዢ፣ የቀርከሃ ሥዕል ሣለና ግጥም ጻፈበት፤ በሌሊት የቀርከሃ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ የሕዝቡ ምሬት ሆኖ እንደሚሰማው፣ ትንሽ የወረዳ ሹም እንኳ ቢሆን እያንዳንዱ ቅጠል እንደሚነካው የሚናገር ግጥም ነው። እስቲ ይህን አስተውሉ። በዚህ ሥዕል ውስጥ ቀርከሃው የሹሙ ቅንነት አይደለም፤ ሕዝቡ ነው። የሚሰማው ነገር ነው እንጂ የሚመሰገነው ነገር አይደለም። የተላከውም ሊሰማ ሥልጣን ላለው ሰው ነው። ይህ ጌጥ ሳይሆን አቤቱታ ነው፤ አቤቱታው ደግሞ ሊጠላ በማይችል ቅርጽ ተጠቅልሎ በገዢው ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል የተዘጋጀ ነው።

ባንችያው ሹመቱን ለቆ ወደ ያንግጆ ተመለሰ። ያንግጆ በጨው ንግድ የከበሩ ሰዎች ከተማ ነበረች፤ ባንችያውም ቀርከሃና ኦርኪድ እየሣለ በመሸጥ ኖረ። በ1759 ዋጋውን በግልጽ ጽፎ ለደንበኛ አሳወቀ፤ ትልቁ ጥቅል 6 የብር ሚዛን፣ መካከለኛው 4፣ ትንሹ 2፤ ስጦታ ከማምጣት ጥሬ ገንዘብ ማምጣት እንደሚሻልም አከለበት። እዚህ ላይ ሌላ ወገን ይነሣል። ይህ ጥበብ ከጥንቱም የባለርስቶችና የሹማምንት መዝናኛ ነበር፤ ንጽሕናን እየሣሉ ንጽሕናን የሚሸጡ ግብዞች ሥራ ነው፤ ለሠራተኛው ሕዝብ ምን ይፈይዳል? የሚል ነው። ይህ ትችት በከፊል እውነት አለው። አብዛኞቹ የጥቁር ቀለም ሠዓልያን መሬትና ሹመት የነበራቸው ሰዎች መሆናቸው አይካድም፤ ሥዕላቸውን «አንሸጥም» እያሉ በስጦታና በውለታ መልክ ሲለዋወጡት የነበረውም ገበያ ነው፤ ዋጋው ያልተጻፈበት ገበያ። ባንችያው ያደረገው ዋጋውን መጻፉ ብቻ ነው። ከእነዚያ ሁሉ ይልቅ እርሱ ሐቀኛ ሆኖ ይታየኛል። ነገር ግን ተቺው ወገን ሠንጠረዡን ሳያውቀው መቀበሉን ልብ ይሏል፤ ቀርከሃ ማለት ንጽሕና ነው ብሎ ባያምን ኖሮ የተሸጠ ቀርከሃ ግብዝነት ሆኖ ባልታየው ነበር።

ሠንጠረዡ በመማሪያ ክፍል ውስጥ እስካለ ድረስ ጉዳቱ መሰላቸት ነው። ወንበር ሲያገኝ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። ይህን በተለይ ባህልን በኀላፊነት ለሚመሩ ሰዎች እላለሁ።

ሱ ሺ በወን ቶንግ ቀርከሃ ላይ ካለቀሰ ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ የንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኞች ሁጆ ደርሰው ያዙት። ክሱ በግጥሞቹ መንግሥትን ሰድቧል የሚል ነበር። በእርግጥም ሱ ሺ የዘመኑን አዲስ ሕግጋት በግጥም ነቅፏል፤ ከሳሾቹ ግን በዚያ አልረኩም። ስለ ሁለት የጥድ ዛፎች በጻፈው ግጥም ውስጥ ሥራቸው ወደ ምድር ጥልቅ ቀጥ ብሎ እንደሚወርድና ይህን የሚያውቀው ከመሬት በታች ያለው ዘንዶ ብቻ እንደ ሆነ የሚናገር ቦታ አለ። ከሳሾቹ ሠንጠረዣቸውን ገለጡ፤ ዘንዶ ማለት ንጉሠ ነገሥት ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ በሰማይ ሳለ ይህ ሰው ከምድር በታች ሌላ ንጉሥ ይፈልጋል፤ እንግዲህ ከሃዲ ነው። እንደሚተረከው ንጉሠ ነገሥት ሸንዞንግ፣ ሰውየው ስለ ጥድ ይዘምራል፣ ይህ እኔን ምን አገባኝ ብሎ መለሰ። ንጉሡ ከሐያስያኑ የተሻለ ሐያሲ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ሱ ሺ ግን ከመቶ ቀን በላይ ታስሮ ወደ ሁዋንግጆ ተሰደደ።

ከዘጠኝ መቶ ዓመት ያህል በኋላ ወደሆነው እንለፍ። ማኦ ዜዱንግ በ1961 ስለ ሜይ አበባ ግጥም ጻፈ፤ የሶንግ ዘመኑ ባለቅኔ ሉ ዮ በዚያው ዜማ የጻፈውን አንብቦ ትርጉሙን እንደ ገለበጠው ራሱ ገልጿል። ለሉ ዮ ሜይ የተገፋና ብቸኛ አበባ ነበረ፤ ለማኦ ደስ የተሰኘ አብሣሪ ሆነ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1964፣ በታይዋን ያለው የቻይና ሪፐብሊክ መንግሥት ያንኑ ሜይ ብሔራዊ አበባ ብሎ ዐወጀ። በባሕሩ በዚህና በዚያ ወገን ጠመንጃ የተማዘዙ ሁለት መንግሥታት አንድ አበባ ተካፈሉ ማለት ነው። ደቡብ ኮሪያም በ2009 ባወጣችው የ50,000 ዎን የወረቀት ገንዘብ ጀርባ ላይ የቀድሞ ሠዓልያኗን ሜይና ቀርከሃ አትማለች። በዚህ አልገረምም፤ ምልክት የሚኖረው በመወሰድ ነው።

የሚያስደነግጠው የ1974ቱ ነው። ከ1971 ጀምሮ ባሉት ጥቂት ዓመታት፣ በጠቅላይ ሚኒስትሩ በቹ ኤንላይ መመሪያ፣ በባህል አብዮቱ ከሥራቸው ተፈናቅለው የነበሩ አንጋፋ ሠዓልያን ለሆቴሎችና ለውጭ እንግዶች መቀበያ አዳራሾች በባህላዊው ስልት እንዲሥሉ ተጠርተው ነበር። በ1974 መጀመሪያ እነዚሁ ሥራዎች ከሌሎች ጋር ተሰብስበው፣ ቁጥራቸው ከሁለት መቶ በላይ ሆኖ፣ በቤጂንግ «ጥቁር ሥዕሎች» በሚል ስም ለውግዘት ተሰቀሉ። ቼን ዳዩ ፀደይን ቀድሞ የሚያብብ ቢጫ አበባ፣ በቻይንኛ ስሙ ራሱ «ፀደይ ተቀባይ» የሆነ፣ ከአንድ አውራ ዶሮ ጋር ሥሎ ነበር። ዶሮው ዓይኑን አጉረጥርጧል፤ ላባውን ነፍቷል፤ አበባው ፀደይ ነው፤ ፀደይ አብዮቱ ነው፤ እንግዲህ ዶሮው አብዮቱን ይጠላል ተባለ። ሊ ኩቻን የሎተስ አበቦችን ሣለ፤ ቢቆጠሩ ስምንት ሆኑ። በዚያ ዘመን በአርአያነት የተመረጡት የመድረክ ሥራዎች ስምንት ስለ ነበሩ ሥዕሉ በእነርሱ ላይ የተሰነዘረ ስድብ ነው ተባለ። የቆጠረው ሰው መቁጠር ያውቅ ነበር፤ ማየት ግን አያውቅም ነበር። የከሳሾቹ ዘዴ በ1079ም በ1974ም ያው አንዱ ነው፤ ይህ ማለት ያ ነው፣ ያ ማለት ይህ ነው፣ እንግዲህ ጥፋተኛ ነህ። የማየት ሥራ በሠንጠረዥ በተተካበት ቦታ ሁሉ ሠዓሊው ያላሰበውን እንዲመልስ ይጠየቃል፤ ያሰበውን ደግሞ ማንም አይጠይቀውም።

«እንግዲያው ትርጉሙን እንተወውና መስመሩን ብቻ እንይ» የሚሉ አሉ። ጥበብ ለጥበብ የሚለው የቆየ ዘፈን በዚህ በር ይገባል፤ ቀርከሃው ምንም አይደለም፣ ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው ይላሉ። ለእነዚህ መልሱ አጭር ነው፤ መስመሩ ራሱ ከቶ ዝም አይልም። የጥቁር ቀለም ሠዓሊ የሚሥለው በሚጽፍበት ብሩሽ፣ በሚጽፍበት የጥላሸት ቀለም፣ በሚጽፍበት ወረቀት ወይም ሐር ነው። የቀርከሃው ግንድ በአንጓ በአንጓ ይሣላል፤ በየአንጓው ብሩሹ ይቆማል፣ ይጫናል፣ ይነሣል፣ ባዶ ይተዋል፣ እንደገና ይጀምራል። ቅጠሉ በአንድ ትንፋሽ ተጭኖ በሹል ጫፍ ይለቀቃል። ቀለሙን ወረቀቱ ወዲያው ይጠጣዋል፤ ተሳስቶ መፋቅ፣ ደግሞ መደረብ የለም። ጃኦ መንግፉ በአንዱ የድንጋይና የቀርከሃ ሥዕሉ ላይ ድንጋዩ፣ ዛፉና ቀርከሃው እያንዳንዳቸው በየትኛው የአጻጻፍ ስልት እንደሚሣሉ ጽፏል። የእኛ የቁም ጸሓፊዎች ይህን ያለ አስተርጓሚ ይረዱታል፤ ፊደል ሲጣል የጸሓፊው ልብ መርጋቱና አለመርጋቱ ከብራናው ላይ ይነበባልና። ስለዚህ ቅንነት በቀርከሃ ሥዕል ውስጥ አለ ከተባለ ያለው በተክሉ ስም ሳይሆን በእጁ ላይ ነው፤ ሰነፍ እጅ የሣለው ቀርከሃ ሠንጠረዡ ምንም ቢል ሰነፍ ቀርከሃ ነው። የመጀመሪያው ክፍል በ1679፣ አራቱን ጨዋዎች የሚያስተምረው ክፍል በ1701 የታተመው «የሰናፍጭ ዘር የአትክልት ስፍራ» የተባለው ዝነኛ የሥዕል መማሪያ እንኳ ብዙ ገጹን የሰጠው ለቅጠል አጣጣል ነው። ሦስት መቶ ዓመት ያለፈው የገበያ መጽሐፍ ተማሪውን ከእኛ ሰሌዳ ይልቅ አክብሮታል።

ለመምህራን የማቀርበው ጥያቄ ከባድ አይደለም። «ቀርከሃ የምን ምሳሌ ነው? ሀ፣ ለ፣ ሐ» የሚለው የፈተና ጥያቄ ይቅር። በምትኩ አንድ ሥዕል ብቻ ይቅረብ፤ ማን ሣለው፣ ለማን ሰጠው፣ በዚያ ዓመት ምን ሆኖ ነበር፣ ከጎኑ ምን ጻፈ፣ ማኅተሙን ማን ማን አሳረፈበት ተብሎ ይጠየቅ። አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ በአንዲት የጀንግ ሲስያው ኦርኪድ ላይ ቢያልቅ ተማሪው አምስት ተክሎችን በቃሉ ከሚያውቅ ይልቅ ብዙ ያውቃል። ከተቻለም ጥቁር ቀለምና ብሩሽ ይሰጠውና አንድ ቅጠል ሃምሳ ጊዜ ይሞክር፤ ከሃምሳው መካከል የትኛው ሕይወት እንዳለው ራሱ ይምረጥ።

እንዲህ ላለው ትምህርት መጀመሪያ የሚሆን ሥዕል ምረጥ ብባል ከኮሪያ አንዱን እመርጣለሁ። ምሁሩ ኪም ጆንግ ሁዊ (1786–1856) በ1840 ወደ ጄጁ ደሴት ተሰደደ። ወዳጆቹ አንድ በአንድ ሲርቁት ዪ ሳንግ ጆክ የተባለ ተማሪው፣ በሙያው አስተርጓሚ የነበረ ሰው፣ ወደ ቤጂንግ በተመላለሰ ቁጥር በብዙ ድካም ያገኛቸውን መጻሕፍት እየገዛ ወደ ደሴቲቱ ይልክለት ነበር። በ1844 ኪም ውለታውን በሥዕል መለሰ። በደረቀ ብሩሽ የተሣለ አንድ ባዶ ቤትና አራት ዛፎች ናቸው፤ በጎኑም የፓይንና የጥድ ልምላሜ የሚታወቀው ብርዱ ሲመጣ ነው የሚለውን የኮንፉሺየስን ሐሳብ አንሥቶ፣ ተማሪው በደጉ ቀንም በክፉው ቀንም ያው እንደ ሆነ ጻፈበት። በሠንጠረዡ የፓይን ዛፍ ረጅም ዕድሜ ነው፤ እዚህ ላይ ግን መጽሐፍ የተሸከመ አስተርጓሚ ነው። ዪ ሳንግ ጆክ ሥዕሉን ይዞ ቤጂንግ ወረደ፤ የቻይና ምሁራን አይተው እያንዳንዳቸው የተሰማቸውን ጻፉ፤ ጽሑፋቸውም ከሥዕሉ ጋር ተቀጠለ። ሥዕሉ ከእጅ ወደ እጅ አልፎ በጃፓናዊው ምሁር በፉጂትሱካ ዘንድ ቶኪዮ ተገኘ፤ ሶን ጄ ህዮንግ የተባለ ኮሪያዊ በ1944 በጦርነቱ መካከል ወደዚያ ሄዶ ደጅ ጠንቶ ወደ አገሩ መለሰው፤ ከዚያ በኋላም የኮሪያ ሰዎች የየራሳቸውን ጽሑፍ ጨመሩበት። ከ2020 ጀምሮ የኮሪያ ብሔራዊ ሙዚየም ንብረት ነው። ጥቅሉ ሲዘረጋ ወደ 15 ሜትር ይደርሳል፤ ሥዕሉ ራሱ ከአንድ ሜትር ያነሰ ነው።